ቆቋና የጋሽ ትዕዛዙ ስለት

ከዓለም ከተማ ወጥቶ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል የሚወስደው የእግር መንገድ አጋማሽ ላይ፣ ገደሉ ገታ ይልና ለጥ ያለ መሬት ይመጣል። ላዩም ታቹም ድንጋይ ነው፤ መካከሉ ላይ ግን ማሽላና ጤፍ ይዘራል፣ መቶ ሃምሳ ያህል አባወራ ይኖራል፣ አንድ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና አንድ ትምህርት ቤት አለ። በትምህርት ቤቱ የማስተምረው እኔ ነኝ። የተወለድኩት መንዝ ነው፣ ከጓሳ ሥር። ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤ ያደግሁ ሰው ድንጋዩ በሚያቃጥልበት አገር ስመደብ፣ የመደበኝን ሰው አንድ ዓመት ሙሉ በልቤ ስረግመው ኖርኩ። አሁን ስምንተኛ ዓመቴ ነው። ዝውውር ለምን አትጠይቅም ሲሉኝ ዛሬ ነገ እላለሁ። እንድቀር ካደረጉኝ ሰዎች አንዱ ጋሽ ትዕዛዙ ናቸው። እሳቸው ይህን ቢሰሙ፣ ያስቀረህ ባለቤቴ የምትጠምቀው ጠላ ነው ማለታቸው አይቀርም። ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም።

ጋሽ ትዕዛዙ ስልሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ አጠር ያሉ፣ ቅልጥማቸው የቀጠነ ሰው ናቸው። አቀበት ላይ አብሬያቸው ስሄድ እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ አለከልካለሁ። የተረፈውን ጊዜ ግን ዝም ነው የሚሉት። ሲዋሹ ሰምቼአቸው አላውቅም ነበር፤ አገሩም ሰምቷቸው አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ሰውየው በሁለት ነገር ይታወቃሉ። አንዱ ቆቅ ማጥመድ ነው። የእኛ ሸለቆ ቆቅ ደረቷ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተሸለመ፣ ዓይኗ ዙሪያ የቀላ፣ ሩጫ የምትወድ ወፍ ናት። ከጋሽ ትዕዛዙ ማሳ ግርጌ አንዲት ምንጭ አለች፤ ውኃዋ የሚያረጥበው፣ ቄጤማና ፊላ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለበት መስክ ጨፌ ይባላል። ቆቆቹ ሲመሽ ጨፌው ውስጥ ገብተው ያድራሉ፣ ሲነጋ ወጥተው ማሽላው ሥር ይለቅማሉ። ዙሪያው ደረቅ ተራራ ስለሆነ ሌላ መሸሸጊያ የላቸውም። የጋሽ ትዕዛዙ አባት በዚያ መውጫቸው ላይ ያጠምዱ ነበር፤ ልጃቸውም ሙያውን ወረሱ።

አጠማመዳቸው ግን እንደ ሌላው አልነበረም። ታንቆ የሞተ ነገር በእኛ ዘንድ አይበላም፤ በስመ ሥላሴ ተብሎ፣ በቢላዋ መታረድ አለበት። አንገት የሚይዝ ወጥመድ የዘረጋ ሰው ጠዋት ሲደርስ የሚያገኘው ለቀበሮ የሚጣል ሬሳ ነው። ስለዚህ አባትየው ከፈረስ ጭራ የሚገመድ፣ እግር ብቻ የሚይዝ ወጥመድ አስተማሯቸው። ወፏ እግሯ ሳይሰበር፣ ላባዋ ሳይነቀል፣ ተቆጥታ ቆማ ትጠብቃለች። ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለሠርግ ቆቅ የፈለገ ሁሉ ጋሽ ትዕዛዙ ዘንድ ይመጣ ነበር። እኔም በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንዷን በልቻለሁ፤ ጣዕሟን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ይቅር ይበለኝ።

ሁለተኛው ነገር ስለታቸው ነው። ጋሽ ትዕዛዙና እትዬ ጌታነሽ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልደው ሁለቱንም ሳይድሁ ቀብረዋል። ሦስተኛዋ ኮከብ ናት። እሷም በስምንተኛ ወሯ፣ በሰሞነ ሕማማት፣ ኩፍኝ ያዛትና ዓይኗ ተከደነ። መንገድ የለም፣ መኪና የለም። አባትየው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተንበርክከው፣ ይህችን ከተውክልኝ እስክሞት ድረስ በየዓመቱ የቀዳም ስዑርን ቄጤማ ከገዛ ጨፌዬ፣ በገዛ እጄ አጭጄ፣ በገዛ ትከሻዬ አመጣለሁ አሉ። በቀዳም ስዑር፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ለሕዝቡ ቄጤማ ያድላሉ፤ ትልቁም ትንሹም ግንባሩ ላይ ያስራል። ያን ዓመት ኮከብ በእናቷ ጀርባ ሆና አሰረች። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጋሽ ትዕዛዙ አንድም ጊዜ አላጎደሉም። የአንገታቸው አጥንት በተሰበረ ዓመት እንኳ በደህናው ትከሻ፣ በሦስት ምልልስ አድርሰዋል። ደብሩ ስለ ቄጤማ ማሰብ ከተወ ቆይቷል። ኮከብ ደግሞ አድጋ፣ ተምራ፣ ሞላሌ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆናለች፤ ባለትዳር ናት።

ቆቅ ማጥመዱን የተዉት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ከአዲስ አበባ ወፍ የሚቆጥሩ ሰዎች መጡና፣ የዚህን አገር ቆቅ በእጃችን ይዘን ማየት እንፈልጋለን አሉ። መረብ ይዘው ነበር፤ ሁለት ቀን ዘርግተው የያዙት የእኔን ነጠላ ብቻ ነው። ጋሽ ትዕዛዙ ዝም ብለው አዩአቸውና በማግስቱ ማለዳ አራት ቆቅ አመጡላቸው፣ ጭረት ያልነካቸው። ሰዎቹ ጮቤ ረገጡ። መዘኗቸው፣ ክንፋቸውን ለኩ፣ እግራቸው ላይ ትንሽ የብረት ቀለበት አሰሩና ለቀቋቸው። ጋሽ ትዕዛዙ ይህን ሲያዩ ቆቅ ይዞ የሚለቅ ሰው በዕድሜዬ ገና ማየቴ ነው ብለው ሳቁ። ሰዎቹ ይህች ወፍ ከዚህ ሸለቆና ከአካባቢው ውጪ ብዙ ቦታ እንደማትገኝ፣ ጨፌው ከደረቀ መግቢያ እንደሌላት አስረዷቸው። እሺ አሉ። ሰውን እሺ ብሎ መሸኘት ያውቁበታል፤ ወጥመዱን ግን አልሰቀሉም።

በዓመቱ ለልደት ያጠመዱትን ሊያነሱ ሲሄዱ አንዷ ቀለበቷን አድርጋ ቆማለች። ቢላዋውን አውጥተው ነበር። «የማውቃት ሰው መሰለችኝ» ብለው ነው የነገሩኝ። ቀለበቷን በጣታቸው ዳበስ አደረጉ፣ ፈቷት፣ ለቀቋት፣ ወጥመዱንም እዚያው በጠሱት። ለልደት የበሉት ሽሮ ነው። እትዬ ጌታነሽ ያንን ሽሮ እስከ ዛሬ ያነሱባቸዋል።

ከዚያ በኋላ ጨፌውን መጠበቅ ጀመሩ። ዳሩን በእሾህ አጠሩ፣ ከብት እንዳይረግጠው ውኃ መጠጫውን ወደ ታች አወረዱት፣ ከምንጩ በላይ ተተክሎ የነበረውን ባሕር ዛፍ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረው አስቆረጡት። በቀጠሮ የሚመጡ ወፍ ተመልካቾች ሲኖሩ ይመሩ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት እንግዳው ቀረ። እሳቸው ግን ማለዳ ማለዳ ወርደው፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ ቆቆቹ ሲወጡ ይቆጥራሉ። ስንት ሆኑ ስላቸው፣ እንደ ዘመድ ልጆች አንድ በአንድ ይነግሩኛል።

አምና በልግ የሚባል ነገር አልመጣም። በታኅሣሥ የቀነሰው ምንጭ በመጋቢት ጠብታ ሆነ። ድሮ ሦስት ጥማድ በሬ የማያርሰው ጨፌ ተሰብስቦ አንድ አውድማ የሚያህል ቀረ። የሌሎቹ መንደሮች ምንጮች ጭራሽ ነጠፉ። ጋሽ ትዕዛዙ ለቀዳም ስዑር ምን ያህል ቄጤማ እንደሚገኝ ለማየት በኒቆዲሞስ ማግስት፣ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጨፌው ውስጥ ገቡ። መሐል ላይ ሲደርሱ ከእግራቸው ሥር ሁለት ዓይኖች አዩአቸው። ቆቋ ናት፤ አልተነሣችም። ክንፏን ዘርግታ፣ አካሏን ዝቅ አድርጋ ተኝታለች። በማግስቱ ልትለቅም ስትወጣ ሄደው ሲያዩ ሰባት እንቁላል ነው።

የቀረው ቄጤማ በሙሉ ቢታጨድ ለደብሩ ይበቃል አይበቃም የሚያሰኝ ነው። ቢታጨድ ግን ቆቋ ሜዳ ላይ ትቀራለች፣ እንቁላሉን ቁራ ይለቅመዋል። ባይታጨድ ደግሞ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ስለት ይፈርሳል። ከሩቅ ገበያ ገዝተው እንዳያመጡ በገዛ ጨፌዬ ብለው ቃል ገብተዋል። ነገሩ ለእኔና ለእናንተ ቀላል ሊመስል ይችላል። ለእሳቸው ግን ኮከብ የምትተነፍሰው በዚያ ስለት ነው። ሁለት ልጅ የቀበሩ አባት ናቸው።

ለማንም አልተናገሩም። ለእትዬ ጌታነሽም፣ ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ቴዎፍሎስም። ቄሱ ስለ ስለት ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ለአንዲት ቆቅ ብዬ ስለቴን ላስቀር ነው ብሎ እሳቸው ፊት መቆም ያስፈራል። ለእኔም አልነገሩኝም፤ አፌን ያውቁታላ። በዚያ ላይ ጾሙ ሊፈታ ነው። በዐቢይ ጾም ቆቅ የሚነካት የለም፤ ሁለት ወር ሙሉ በመንደሩ መሐል እንደ ባለርስት ትንጎማለላለች። ፋሲካ ሲደርስ ግን ሥጋ ያልቀመሰ ሁሉ ዓይኑ ይከፈታል። ከዚያ ጊዜ በፊት የታቀፈች ቆቅ የት እንዳለች ማወጅ ራሷን ድስት ውስጥ መክተት ነው።

ስለዚህ ዋሹ። አፈወርቅ የሚባል፣ ከጋሽ ትዕዛዙ ቀጥሎ በወጥመድ የታወቀ፣ በነገር ማሾፍ የሚወድ ጎልማሳ አለ። በጨፌው ዳር ሲያልፍ ምነው ዘንድሮ ዳር ዳሩን ብቻ ይዞራሉ ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ትዕዛዙ እፉኝት ገብቶበታል አሉ። ሰውየው ዋሽተው ስለማያውቁ አፈወርቅ ነገሩን እንደ ወንጌል ተቀበለው። ሲመሽ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ሴቶቹ ውኃ ከታች መቅዳት ጀመሩ፣ እረኞች ከብታቸውን በሌላ በኩል ነዱ፣ እኔም ተማሪዎቼን ሰልፍ ላይ አስጠነቀቅሁ። እፉኝቱ በሦስተኛው ቀን ክንድ የሚያህል፣ በአምስተኛው ቀን ሁለት ክንድ የሚያህል ሆነ። ጋሽ ትዕዛዙ ውሸት እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳለው ባውቅ ቀደም ብዬ እጀምረው ነበር ብለው በኋላ አስቀውኛል።

ያላሰቡት ነገር አንድ ነው። ይህ ደብር ስለታቸውን ያውቃል፣ ይወዳቸዋልም። በሆሳዕና ቅዳሴው ሲያልቅ አፈወርቅ ወጣቶቹን ሰበሰበና፣ እኚህ ሽማግሌ ዘንድሮ ስለታቸውን ለማድረስ እፉኝት ውስጥ ሊገቡ ነው፣ እኛ እያለን አይሆንም አለ። ሐሙስ ጠዋት ሳይነግሯቸው ወርደው ጨፌውን ከዳር እስከ ዳር ሊያጭዱ፣ እባቡን ሊገድሉ፣ ቄጤማውን አስረው ሊሰጧቸው ተስማሙ። ቄስ ቴዎፍሎስም ጠበልና መስቀል ይዘው ሊመጡ ቃል ገቡ። እኔ የትምህርት ቤቱን አራት ማጭዶች አበደርኩ፤ መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

እትዬ ጌታነሽ ሌላ ጊዜ በሆሳዕና የሚሳለው ማጭድ እንደተሰቀለ መቅረቱን አይተው ጠየቋቸው፤ ነገ አሉ። በነገታውም ነገ አሉ። ረቡዕ ማታ ኮከብ ከሞላሌ መጣች፣ ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ስትቀያይር። ሕማማት ስለሆነ አልተሳሳሙም፤ ከሩቅ እጅ ነሥታ ገባች። ስትገባ ታስል ነበር። እሷ ነርስ ናት፤ የመንገድ አቧራ ነው፣ ጉንፋን ነው አለች። አባቷ ግን ሳሉን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የፈሩት ነገር በሩን ከፍቶ የገባ መሰላቸው።

ሐሙስ ሲነጋ ማጭዱን ስለው ወደ ጨፌው ወረዱ። ሊያጭዱት ቆርጠዋል። መሐል ድረስ ገብተው ማጭዱን አነሡ። ቆቋ አየቻቸው፣ አልሸሸችም። ያን ጊዜ ምን አሰቡ ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ፤ ምንም አላሰብኩም፣ እጄ ብቻ እምቢ አለኝ አሉኝ። ማጭዱን እንደያዙ ቆመው ሳሉ የእኛን ድምፅ ሰሙ።

እኛ ሃያ እንሆናለን። ዱላ፣ ማጭድ፣ መንሽ የያዘ አለ፤ ቄስ ቴዎፍሎስ ጠበሉን በጀሪካን አስይዘው፣ መስቀላቸውን ጨብጠው ከፊት ናቸው። ከኋላችን ኮከብና እናቷ ተከትለዋል። አፈወርቅ ከሩቅ አይቷቸው፣ ጋሼ ይውጡ፣ እባቡን ለእኛ ይተዉት እያለ ሮጠ። ጋሽ ትዕዛዙ ከጨፌው ወጥተው ዳሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«እፉኝት የለም» አሉ። «ዋሽቻችኋለሁ። ያለችው ቆቅ ናት፣ ሰባት እንቁላል ታቅፋለች።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ ቆቅ ብሎ ደገመው፣ ሃምሳ ሁለት ቀን በጾመ ሰው አነጋገር። አልዋሽም፤ የእኔም ምራቅ ሞልቷል። አፈወርቅ ሳቁን ሊለቀው አፉን ከፍቶ የጋሽ ትዕዛዙን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው። ሽማግሌው እያለቀሱ ነበር።

ቄስ ቴዎፍሎስ ጠጋ ብለው፣ ስለትህስ ብለው ጠየቁ።

«አባ፣ ባጭደው እሷ ትሞታለች። ባላጭደው ልጄን እፈራላታለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስታስል ነው ያደረች።»

ኮከብ ይህን ሰማች። ስለቱን ታውቃለች፤ አባቷ በየዓመቱ ቄጤማ የሚሸከሙት ደስ ብሏቸው ይመስላት ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን በእሷ ምክንያት ሲፈሩ መኖራቸውን ያወቀችው ያን ቀን ነው። ወደ አባቷ አልሄደችም። ወደ ጨፌው ዳር ጎንበስ ብላ አንዲት ዘለላ ቄጤማ ነቀለች፤ በአውራ ጣቷ ጥፍር ሰነጠቀቻት፣ ስንጣቂውን ደግማ ሰነጠቀችው፣ እንደገናም። ለስፌት የሚሆን ሰንበሌጥ ሲሰነጠቅ እንደሚታይ ያለ ሥራ ነው፤ የነርስ ጣት ነውና አልተበጠሰባትም። ስትጨርስ ስምንት ቀጫጭን ዘሃ መዳፏ ላይ ዘርግታ ለቄሱ አሳየቻቸው፣ ይህ ግንባር አይዞርም ወይ ብላ ጠየቀች።

ቄስ ቴዎፍሎስ አንዷን አንሥተው በሁለት እጃቸው ወጠሯት። ጨፌውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ሃያ የምንሆን ማጭድ ያዦችን አዩ። ከዚያ «አምጣ፣ ትዕዛዙ» አሉ። «ማነሱን በእግዚአብሔር ፊት እኔ እመልስለታለሁ።»

ከቄስ ቴዎፍሎስ አፍ ይህ ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ለሌላው ሰው ደግሞ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ እንቁላሉ እስኪፈለፈል ድረስ ማንም እግሩን ጨፌው ውስጥ እንዳያስገባ ተናገሩ። እኔም ዕድል አገኘሁና የአገሬን ነገር አነሣሁ፤ ጓሳ ላይ ሣሩ በሕዝብ ቃል እንደሚዘጋ፣ ተዘግቶም ዓመታት እንደሚቆይ፣ ሁሉ ሲስማማ ብቻ እንደሚታጨድ፣ በዚያ ምክንያት ወፉም አውሬውም እንደተረፈ አስረዳሁ። ስለ ጓሳ ስጀምር ማቆም አይሆንልኝም። አፈወርቅ፣ የእናንተን ጓሳ የሚጠብቀው ብርዱ ነው ብሎ አሳቀብኝ። ቢሆንም ከዚያች ቀን ጀምሮ ጨፌው ተዘግቷል ተባለ፤ ተስማማን።

ጋሽ ትዕዛዙ ከቆቋ ራቅ ካለው ዳር፣ በገዛ እጃቸው፣ አንዲት እቅፍ አጨዱ። ሌላ ጊዜ አንድ ሙሉ ሸክም የሚሆነው ነገር ያን ዓመት አንድ ሕፃን ያህል ነበር። በትከሻቸው አድርገው አቀበቱን ሲወጡ ማንም አልቀለደም። ከሰዓት በኋላ ኮከብና የመንደሩ ሴቶች ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠው ሲሰነጥቁ ዋሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ታደለ። ግንባራችን ላይ ያሰርነው ክር ነው ማለት ይቻላል። አፈወርቅ ሁለት ጊዜ ተበጥሶበት ሦስተኛውን ሲቀበል፣ ቄሱ አራተኛ የለም አሉት። የዓመቱ ቄጤማ ለምን እንደቀጠነ ለሕዝቡ በሙሉ የተነገረው ያን ጊዜ ነው፤ አለመናገር አይቻልም ነበር። እናም ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የታቀፈች ቆቅ የት እንደተኛች የማያውቅ ሰው በደብሩ ውስጥ አልቀረም። ጋሽ ትዕዛዙን አየኋቸው። ቄጤማቸውን አስረው ወደ ሸለቆው ነበር የሚመለከቱት።

የፋሲካ ዕለት ማለዳ እንኳን አደረሳችሁ ልል ቤታቸው ሄድኩ። የጾሙን ፍቺ አስቀድሜ በሚገባ አክብሬ ነው የሄድኩት፤ ሆዴ ሞልቷል። እዚያ ግን መሶቡ እንደተከደነ ነው። ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ምንጩ ወርደዋል፣ ሳይቀምሱ። እትዬ ጌታነሽና ኮከብ እሳቸውን ትተው መብላት አልሆነላቸውም። ኮከብ ነጠላዋን አጣፋች፣ አብረን ወረድን።

ጋሽ ትዕዛዙ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። መዳፋቸው ላይ የእንቁላል ቅርፊት አለ። ጎጆው ባዶ ነው።

ማን ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ ጊዜ አልወሰደብኝም፤ የአፈወርቅን ስም ጠርቼ አንድ ክርስቲያን በፋሲካ ሊናገረው የማይገባ ነገር ተናገርኩ። ጋሽ ትዕዛዙ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ አፈወርቅ ቅዳሴው እንደወጣ እዚህ መጥቶ፣ ውሻና ቀበሮ እንዳይደርስባት ዱላውን ይዞ ቆሞ እንዳገኙት፣ እሳቸው ሲደርሱ ሂድ ልጆችህ ይጠብቁሃል ብለው አሁን እንደሸኙት ነገሩኝ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ቅርፊቱን ወደ ኮከብ ዘረጉላት። ሰባቱም ሰፋ ካለው ጫፍ ዙሪያቸውን እንደ ክዳን ተቆርጠው ተከፍተዋል። ሰው ቢወስድ ቅርፊት አይተውም፤ ቁራ ቢበላ ሰብሮ ያፈርሰዋል። እንዲህ አድርጎ ከውስጥ የሚቆርጠው ጫጩት ራሱ ነው አሉ። የቆቅ ጫጩት ላባው እንደደረቀ እናቱን ተከትሎ ይሄዳል፣ አንድ ቀን አይቀመጥም። ከማሽላው ገለባ ውስጥ የቆቋ ድምፅ መጣ፣ ዝቅ ያለ፣ የምትጠራ ድምፅ። ጋሽ ትዕዛዙ ጆሯቸውን አቅንተው ሰሙት።

ኮከብ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሳሏ አልለቀቃትም ነበር፤ አሳለች። አባቷ ይህን ጊዜ ፊታቸው አልተለወጠም።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስለቴን ያደረስኩት ፈርቼ ነው» አሏት። «ደስ ብሎኝ ያደረስኩት ዘንድሮ ነው።»

ኮከብ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔ ወደ ማሽላው ዞርኩና ቆቋን የምፈልግ መሰልኩ። ሽማግሌው ትንሽ ቆይተው ተነሡ፣ ቅርፊቶቹን ጎጆው ውስጥ መልሰው አስቀመጡ፣ እርቦኛል አሉ። አቀበቱን ስንወጣ እንደ ወትሮው ከፊታችን ነበሩ።